ውሃ የጠጣችው ወይዘሮ

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ «እማማ፣ ድመት አመጣሁ፣ ይምጡና ይዩልኝ» ብላ ጠራችኝ። ሄጄ ያየሁትን ብነግራችሁ! ጭብጥ የማትሞላ ፍጥረት አንገቷ ላይ ሲባጎ ታስሮባት ጠራራ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላለች። ፊቷ አንድ ሳህን የላም ወተት ተቀምጧል፤ ዝንብ ወሮታል። ውሃ የለ፣ ጥላ የለ።

«ለምን አሰርሻት?»

«እንዳትጠፋ ነዋ፣ እማማ።»

«እኔ አንቺን እዚህ ፀሐይ ላይ ባስርሽ፣ የተፈታሽ ቀን አትጠፊም?»

ልጅቷ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ጮህኩባት። በመጨረሻ «ኧረ እማማ፣ ለድመት ይሄን ያህል!» ብላ አኮረፈችኝ። ለድመት ይሄን ያህል የምሆንበት ምክንያት አለኝና ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ። ድመት ልታሳድጉ ያሰባችሁማ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ ነው። ጣሊያን መተማን ይዞ ከሱዳኗ ገላባት ፊት ለፊት ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል። እኔ ከደምብያ ወደ ቆላ የተዳርኩ፣ ሙቀቱን ገና ያልለመድኩ ሙሽራ ነበርኩ፤ ስሜ ውዴ ነው። ቤታችን ከመተማ ወደ ገንዳ ውሃ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ባሌ ካሴ ከተጋባን ብዙም ሳይቆይ ጠመንጃውን አንስቶ ጫካ ገባ፤ እኔ ከአባቱ ከአያ መንግሥቴ ጋር ቀረሁ። በእኛ ወግ ሙሽራ አማቷን ቀና ብላ አታይም፣ ፊቱ አትበላም፣ ድምጿን ከፍ አታደርግም። እኔም ወጉን ይዤ የምኖር ሰው ነበርኩ። በዚያ ቤት ድምፄ ሰው ጆሮ የሚገባው ዶሮ ሳባርር ብቻ ነው።

የሰፈራችን መከራ ሁለት ነበር፤ አይጥና ሹምባሽ ዘነበ። ሹምባሽ ዘነበ የኛው አገር ሰው ነው፤ ለጣሊያን ባንዳ ገብቶ ሹምባሽ፣ የወታደር አለቃ፣ ተባለና የኛው ሰፈር ተሰጠው። ካንድ ዓመት በፊት አይጥ ወርዶብን የብዙ ሰው የዘር ማሽላ ከጎታው ውስጥ ገለባ ሆኖ ተገኘ። ሴቶቹ ምሽጉ ድረስ ሄደው ዘር ቢለምኑ፣ ሹምባሹ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ ምን አላቸው መሰላችሁ? «ዘር የፈለገች ባሏን ታምጣ!»

መጋዘኑ ውስጥ ያለው ማሽላ እኮ የእኛው ነው፤ ከየቤታችን እየተጫነ የሄደ። አንዷ ልጆቿ ቢራቡባት ጊዜ ባሏን ከጫካ አስጠርታ አስገባች። ዘሩን ሰጧት። ባሏን ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው የለም።

እንግዲህ የኔ ዘር ምን እንደሆነ ይግባችሁ። ጓዳ ውስጥ አንድ ጎታ ሙሉ የዘር ማሽላ አለን። ያ ማሽላ እስከ ክረምት ካልቆየልኝ ወይ ካሴ እጁን ይሰጣል፣ ወይ እኔና ሽማግሌው በረሃብ እናልቃለን። ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

መተማ ገበያ እትዬ ዘሃራ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ፤ ጨውና አቡጀዲ ይሸጣሉ። ሱቃቸው ውስጥ ጆንያው ሁሉ ደህና ነው፤ አይጥ የበሳው አንድም የለም፤ ድመት አላቸዋ! ሄጄ እጅ ነሳሁና «እትዬ፣ አንድ ድመት ይሽጡልኝ» አልኳቸው።

«ድመት አይሸጥም። ይለመናል።»

«እሺ፣ እለምንዎታለሁ።»

«ምን ታበያታለሽ?»

«አይጥ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን...»

«ኸላስ! በቃ! ድመት የለኝም። ወደ ቤትሽ ሂጂ» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ተመልሼ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ማታ በር ሲዘጉ አዩኝና ሳቁ። «አንቺስ እንደ ድመት ነሽ፤ ቢያባርሩሽም አትሄጂ» አሉና አስገቡኝ። ያን ዕለት የነገሩኝን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«በክዳን ቅርጫት አድርገሽ ውሰጃት፤ በገመድ እንዳትጎትቻት። ቤት ስትደርሺ አንድ ክፍል ዝጊባትና ተያት፤ ልቧ ይረፍ። አልጋ ሥር ብትገባ አትጎትቻት፤ ራሷ ትወጣለች። ውሃና ምግቧን አታጎራብቺ፤ ድመት ከምግቧ አጠገብ ያለ ውሃ አትወድም። ውሃው ሰፊ ዕቃ ላይ ይሁን፣ ጠዋት ጠዋት ይለወጥ፣ ዕቃው የሌላ ነገር ሽታ አይኑረው። የላም ወተት ሆዷን ያበላሸዋል፤ ዝም ብለሽ ውሃ ስጫት። ለመጸዳጃዋ በሰባራ ገንቦ አመድ አድርጊላት፤ ካላጸዳሽላት ግን አልጋሽ ላይ ብትጸዳ እንዳትቆጫት፤ ጥፋቱ ያንቺ ነው። እንዳትመቻት። የመታት ሰው ዘንድ ድመት አትቀመጥም።»

«ከጠገበች አይጥ ትይዛለች እንዴ?»

«አንቺ ሰውዬሽ ቢጠግብ መተኮስ ይተዋል?» አሉኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ድመቷን ይዤ ገባሁ። ነጭና ጥቁር ናት፤ አረማመዷን አይቼ «ወይዘሮ» አልኳት። እንደታዘዝኩት ጓዳ ዘጋሁባት። ችግሩ አያ መንግሥቴ ናቸው። የድርሻዬን ቋንጣ ቆራርሼ ስሰጣት አዩኝና «ምነው ልጄ! ሰው በሚራብበት ዘመን ድመት ይቀለባል? ተርባ ትደር፤ ስትራብ ነው የምትይዘው» አሉ። በሰፈራችን ሁሉም የሚያደርገው እንዲህ ነበር፤ ድመት አምጥቶ ማስራብ። ድመቶቹም በሳምንታቸው ውልቅ ይላሉ፤ ወይ ዱር ይገባሉ፣ ወይ ሥጋ ወዳለበት ወደ ምሽጉ። ሰው ግን ስህተቱን በድመቷ ያሳብባል። «ድመት ከዳተኛ ናት» ይላሉ። እህ! አንተ ብትራብ ትቀመጥ ነበር?

እኔ ለአማቴ አልመለስኩም፤ ድምፄን ከፍ የማላደርግ ሙሽራ አይደለሁ? ግን መቀለቤን አልተውኩም። ወይዘሮ ጠግባ ታድን ጀመር። ጠዋት ጠዋት ከጎታው ሥር የአይጥ ሬሳ ይደረደራል። አያ መንግሥቴ በምርኩዛቸው እየገፉ ያዩትና ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ቋንጣው ተናግረው አያውቁም።

ግንቦት ገባ። ቆላ በግንቦት ምን እንደሚመስል የቆላ ሰው ያውቀዋል፤ ድንጋዩ እግር ያቃጥላል። ወይዘሮ አርግዛ ሆዷ መሬት ሊነካ ነው። በዚያው ሰሞን ምሽጉ አጠገብ አንድ እብድ ውሻ አንድ ሶላቶ፣ ነጭ ወታደር፣ ነከሰ አሉ። በማግስቱ ጥዋት አዋጅ ነጋሪው መጣ። «ውሻም ድመትም ያለህ አውጥተህ ግደል! ነገ ሹምባሽ ዘነበ ቤት ለቤት ይፈትሻል። ድመት የተገኘበት ቤት እህሉ ይወረሳል!»

እህሉ ይወረሳል ሲል ጆሮዬ ጭው አለ። ድመቷን ብሰጥ አይጥ ዘሩን ይጨርሰዋል፤ ብደብቃትና ብትገኝ ሹምባሹ ዘሩን ይጭነዋል። በየትም ዞሬ የምደርሰው መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ነው።

አያ መንግሥቴ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩና መጡ። «ልጄ፣ ስጪያቸው» አሉኝ። «ድመት ሌላ ይገኛል። እህላችንን አይውሰዱብን።»

«ከየት ይገኛል አባቴ? ሁሉም ሊገደል አይደል? ክረምቱ እስኪገባ ዘሩን ማን ሊጠብቀው ነው?»

«ቢያገኙብንስ?»

«አያገኟትም።»

አማቴ ደነገጡ። የደነገጡት በነገሩ ሳይሆን በድምፄ ይመስለኛል። እኔም ደንግጫለሁ፤ በዚያ ቤት ለሽማግሌው «አይሆንም» ስል የመጀመሪያዬ ነው።

ወይዘሮ ያን ቀን ምግብ እንቢ አለች። ጓዳ ለጓዳ ትዞራለች፣ ጨርቅ ትቧጭራለች፣ ሆዷን ትልሳለች። ልትወልድ እንደሆነ ገባኝ። ከዘሩ ጎታ ኋላ ጎኑ የተሰበረ ባዶ ጎታ አለ፤ ጨለማ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። አሮጌ ነጠላዬን አጣጥፌ አነጠፍኩላትና ሄድኩላት። እትዬ ዘሃራ «ስትወልድ አትቁሚባት፣ ልጆቿን አትነካኪ፤ ከተረበሸች አንጠልጥላ ታዛውራቸዋለች» ብለውኝ ነበር። ሲነጋጋ በስብራቱ አጮልቄ አየሁ። አራት ወልዳለች። አይጥ የሚያካክሉ፣ ዓይናቸው ያልተከፈተ፤ ሆዷ ላይ ተለጥፈው ይጠባሉ። እሷም አየችኝና ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አደረገች። በሞቴ፣ «አደራሽን» ያለችኝ ነው የመሰለኝ።

ረፋዱ ላይ የመጀመሪያው ጥይት ጮኸ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ከየቤቱ የውሻ ጩኸት ይነሳል፣ ጥይት ይጮሃል፣ ፀጥ ይላል። የልጆች ለቅሶ ይከተላል። የእኛ ውሻ ቀደም ብሎ ሞቶ ነበርና ከዚያ ሐዘን ተረፍን። እኔ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ማሽላ አበጥራለሁ።

ሹምባሽ ዘነበ ሁለት ወታደሮች አስከትሎ ገባ። አንደኛው አስማረ የሚባል ከሳንጃ በኩል የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ዓይኑን ከመሬት አያነሳም። ከኋላቸው ጎረቤቱ ሁሉ ተከትሎ አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆመ፤ ሐዘንም ቢሆን ያለ ተመልካች አይሆን።

«ድመት አለሽ?» አለኝ ሹምባሹ።

«የለኝም፣ ጌታዬ።»

«የአርበኛ ሚስት ውሸት አታጣም» አለና እየገፋኝ ገባ።

ቤቱን በርብሮ ጓዳ ደረሰ። በአፈ ሙዙ የዘሩን ጎታ ኳ ኳ አደረገው። «ሙሉ ነው!» አለ፤ ምራቁ የሞላ መሰለኝ። ቀጠለና የተሰበረውን ጎታ በእርግጫ መታው። ከውስጥ አንዷ ግልገል ሲጥ! አለች። ነፍሴ ከእግሬ ጥፍር ወጣች።

በዚያች ቅጽበት አያ መንግሥቴ ሳል ጀመሩ። ሳል ብቻ እንዳይመስላችሁ! ጉሮሯቸውን ይዘው፣ ምርኩዛቸውን ጥለው፣ ጓዳው እስኪናወጥ አሳሉ። «ውሃ! ውሃ ልጄ! ሞትኩ!» እያሉ ሹምባሹ ላይ ተደገፉ። እሱም «ወግድ፣ ሽማግሌ! በሽታህን አታጋባብኝ!» ብሎ አፍንጫውን በእጁ ሸፍኖ ወጣ። እኔ ውሃ ይዤ ስሮጥ አማቴ አንድ ዓይናቸውን ጠቀሱኝ። ያ ድመት አይቀለብም ያለው ሽማግሌ!

ተርፈናል አልኩ። ሰውዬው ግን አልሄደም። ግቢው መሐል ጥላ ሥር ዱካ አስወጥቶ ተቀመጠና ጠላ ጠየቀ። ቀዳሁለት። እየጠጣ ስለ ካሴ ይጠይቀኛል። «የት ነው ያለው? መቼ ነው የመጣው? ዘርሽ ሲያልቅ ታመጭዋለሽ፤ እኔ ችኩል አይደለሁም» ይላል። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ጠላ እደግምለታለሁ። ሂድልኝ ሂድልኝ ነው በልቤ።

በዚህ መሐል አጥሩ ላይ ያሉት ሰዎች ድንገት አንገታቸውን አሰገጉ። ዞር ስል ምን አየሁ? ወይዘሮ! አንዷን ልጇን በማጅራቷ አንጠልጥላ ከቤት እየወጣች ነው። ያ እርግጫ ረብሿታል፤ እትዬ ዘሃራ እንዳሉት ልታዛውር ነው። ወደ ጎን አልዞረች፣ አልሮጠች፤ በዚያ አረማመዷ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ በሹምባሹ ፊት ለፊት ወደ ገለባው ክምር!

«አለች!» ብሎ ሹምባሹ ዘለለ፤ ጠላው ጭኑ ላይ ተደፋ። «እህሉ ይወረስ! አስማረ፣ ተኩስ!»

እንዴት ከተቀመጥኩበት እንደተነሳሁ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት በአስማረ አፈ ሙዝና በድመቷ መካከል ቆሜ ነው። ነጠላዬ ወድቋል፣ ፀጉሬ ተገልጧል።

«ዞር በይ!» አለ ሹምባሹ።

«አልዞርም።»

«አዋጅ ነው!»

«አዋጁ ለአበደ ነው። ይቺ አላበደችም። ያበደ ልጁን በጥርሱ ይዞ ሳይነክስ ይሸከማል? ሹምባሽ፣ እርስዎም የዚህ አገር ሰው ነዎት። ልማዱን ያውቁታል። ውሃ ይቅረብላት!»

ልማዳችን እንዲህ ነበር። አበደ የተባለ ከብትም ሆነ ውሻ ከመገደሉ በፊት ሰው ባለበት ውሃ ይቀርብለታል። ከፈራና ከሸሸ ይገደላል። ከጠጣ ማንም እጁን አያነሳበትም፤ ውሃ የጠጣን የገደለ ነውረኛ ተብሎ ሰው አብሮት አይቀመጥም። ያን ቀን በየቤቱ ያን ሁሉ ውሻ ሲገድሉ ይሄን ያነሳ ሰው አልነበረም፤ ፍርሃት ልማዱን አስረስቶን።

«ልክ ናት» አሉ አያ መንግሥቴ ከበሩ ላይ። ሳላቸው ድኗል። «ልማድ ነው። ውሃ ይቅረብላት።»

አጥሩም «ይቅረብላት! ይቅረብላት!» አለ። ሹምባሹ ዙሪያውን አየና ሳቀ። «ይቅረብላታ! ሁለቱንም ታያላችሁ፤ ድመቷም ትሞታለች፣ እህሉም ይጫናል» አለና ጠላ የጠጣበትን ጣሳ አንስቶ ከእንስራው ውሃ ሞላበት። ወስዶ አፍንጫዋ ሥር ጎለተው።

ወይዘሮ ልጇን ገለባው ላይ አስቀምጣ ዞረች። ጣሳውን አሸተተች። አፍንጫዋን ሸብሸብ አድርጋ ወደ ኋላ አለች።

«ፈራች! አያችሁ፣ ፈራች! አብዳለች!» ጮኸ ሹምባሹ፤ ጠመንጃውን ሲያቀባብልም ተሰማ።

እርስዎ ማለቱን የረሳሁት ያኔ ነው። «ውሃውን አይደለም የፈራችው! ጣሳህ ነው የሚሸተው!» አልኩት። «ጠላ የጠጣህበትን፣ አፍህ የነካውን ለድመት ታቀርባለህ? እኔስ ብሆን ከሱ እጠጣለሁ?»

አጥሩ ሳቀ። ሹምባሽ ዘነበ ላይ ሰው ሲስቅ ያን ቀን አየሁ። ፊቱ ደም መሰለ። «አንቺ...» ብሎ አፈ ሙዙን ደረቴ ላይ አዞረ።

«ተኩስ» አልኩት። «ግን ልማዱ ይፈጸም፣ ከዚያ ተኩስ። የምትፈራው ትጠጣለች ብለህ ካልሆነ!»

አፈ ሙዙን ዝቅ አደረገ። እኔም ቤት ገብቼ ሰፊውን ገበቴ አወጣሁ። በአመድ አጠብኩት፣ አለቀለቅኩት፣ ደግሜ አለቀለቅኩት፣ አሸተትኩት። የጠዋት ውሃ ቀዳሁበትና ከጣሳው ራቅ አድርጌ ጥላ ላይ አስቀመጥኩ።

«አሁን ሁላችሁም ወደ ኋላ በሉ» አልኩ። «ድመት ሰው ከቦ ሲያፈጥባት አትጠጣም። አንተም፣ ሹምባሽ። ወደ ኋላ!»

ሰዎች ሆይ፣ ሰውዬው ወደ ኋላ አለ! ጠመንጃ የያዘው እሱ፣ ወደ ኋላ በል ያልኩት እኔ።

ወይዘሮ አልቸኮለችም። መጀመሪያ ልጇን ላሰች። ከዚያ ቁጭ ብላ እጇን ላሰች። እኔ ውስጤ እየነደደ «ጠጪ፣ እመቤቴ፣ ጠጪልኝ» እላለሁ። ዘሩ፣ ካሴ፣ ሽማግሌው፣ ሁሉም በዚያች በምላሷ ጫፍ ላይ ነው። ቸኩዬ ብገፋት፣ አንስቼ ወደ ውሃው ብወስዳት እንደምትሸሽ አውቃለሁ። ስለዚህ አልነካኋትም። ፊቴን ሳይቀር አዞርኩላት።

ድምፁን ግን ሰማሁት። ለጭ፣ ለጭ፣ ለጭ።

የወለደች ድመት ትጠማለች፤ ያውም በቆላ ግንቦት። ገበቴው ላይ ተደፍታ ጠጣች፣ ጠጣች፣ ጠጣች። ጠግባ ቀና ስትል ከጢሟ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ጠጣች» አሉ አያ መንግሥቴ። «አላበደችም፤ እህሉም አይነካም።»

«ጠጣች!» አለ አጥሩ። አንዷ ጎረቤቴ እልል አለች፤ ጥዋት ውሻዋ የተገደለባት ሴት ናት። እያለቀሰች ነው እልል የምትለው።

«ተኩስ!» አለ ሹምባሹ አስማረን። «ምን ትጠብቃለህ?»

አስማረ ያን ዓይኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት አነሳ። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንጠለጠለ፤ ጓደኛውም እንደሱ አደረገ። «ጠጥታለች፣ ሹምባሽ። እኔ ውሃ የጠጣ አልገድልም።»

ሹምባሽ ዘነበ አስማረን አየ፣ አጥሩን አየ፣ እኔን አየ። ብቻውን እንደቀረ ገባው። ራሱ ተኩሶ ቢገድል ያገሩ ሰው ነውና ነውሩ እስከ ልጅ ልጁ ይሄድበታል፤ እህሉንም የሚጭንለት ሰው የለም። ምራቁን ተፋና «ግድ የለም። ክረምት ሩቅ አይደለም። ዘር ስትለምኚ እንገናኛለን» አለኝ።

«አንገናኝም!» አልኩት።

ሲወጡ ወይዘሮ ሁለተኛዋን ልጇን ልታመጣ ወደ ቤት እየገባች ነበር። በመካከላቸው አለፈች።

ክረምቱ ገባ። ጎታውን ስከፍት የዘሬ ማሽላ እንዳስቀመጥኩት ነው። ዘራሁ። የተረፈኝን ዘር አይጥ ለጨረሰባቸው ሁለት ቤቶች አካፈልኩ። ከእኛ ሰፈር ምሽጉ ድረስ ዘር ልትለምን የሄደች ሴት በዚያ ዓመት አልነበረችም። ግልገሎቹን ጡት እስኪተዉ ጠብቄ፣ ራሳቸው መብላት ሲጀምሩ፣ ድመታቸው ለተገደለችባቸው ቤቶች ሰጠሁ። ዝም ብዬ ግን አልሰጠሁም። «ምን ታበያታለሽ?» እያልኩ ነው። «አይጥ» ያለችኝን ወደ ቤቷ መለስኳት፤ በሚቀጥለው ቀን አስባበት መጣች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አስማረ ብቻውን መጣ። ሊስቅ ሊስቅ ይላል። «ሹምባሹ ልኮኝ ነው» አለ። ድመቶቹን ሁሉ ካስጨረሱ ወዲህ የምሽጉ መጋዘን በአይጥ ተወሯል፤ ጆንያው ሁሉ ተበስቷል፤ ነጩ አለቃ ሹምባሹን በሰው ፊት ሰድቦታል። «አንድ ድመት ስጪን ይላል።»

የቀረችኝ አንዲት ግልገል እግሬ ሥር ነበረች። አነሳኋትና አቀፍኳት።

«ሂድና እንዲህ በለው» አልኩት። «ድመት የፈለገ ዘነበን ያምጣ!»

አስማረ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠራረገና «የት ነው ካሴን የማገኘው?» አለኝ። ሳቁ ጠፍቶ ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር። ያነሳውን አፈ ሙዝ ያወረደ ሰው ነውና አመንኩት፤ ነገርኩት። ወደ ምሽጉ አልተመለሰም። ጠመንጃውን ከነጥይቱ ይዞ ጫካ ገባ። ለሹምባሹ የላክሁትን መልስ ሹምባሹ ሳይሰማው ካሴ ሰማው። ጫካ ውስጥ ያ ሁሉ አርበኛ ሳቀ አሉ። ካሴም «ወይዘሮን ሳሚልኝ» ብሎ ላከብኝ።

ጣሊያን ሲወጣ ካሴ በእግሩ ገባ፤ በማንም ተጎትቶ ሳይሆን በገዛ በሩ። የጠበቀው ማሽላው የቆመበት ማሳ ነው፤ ሚስቱ ደግሞ ድምጿ ከግቢ አልፎ የሚሰማ ሴት ሆናለች። «አባዬ፣ ሚስቴን ምን አደረጋችኋት?» ቢላቸው አያ መንግሥቴ «እኔ ምንም አላደረግሁ። ድመቷን ጠይቃት» አሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ፊት ድምፄን ዝቅ አድርጌ አላውቅም፤ ዳኛ ፊትም፣ ሹም ፊትም።

እናንተ ዛሬ ድመት ልትይዙ የምታስቡ ልጆቼ፣ የእኛ የውሃው ልማድ ለዚያን ዘመን ነው። አሁን ሐኪም አለ፣ ክትባት አለ። ድመታችሁን አስከትቡ፤ ውሻም ይሁን ድመት ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙና አጥባችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ፤ ውሃ አቅርባችሁ አትጠብቁ። የቀረው ግን ያው ነው። በገመድ አትሰሩ። አታስርቡ። ውሃው ሰፊና ንጹሕ ይሁን፣ ከምግቡ ይራቅ። ስትፈራ አትጎትቷት፤ ስትመጣ ተቀበሏት። ይሄን ማድረግ የሚያቅተው ካለ ድመት አይያዝ፤ አይጡን ራሱ ያባርር።

የጎረቤቴ ልጅ ትናንት ማታ መጣች። ኩርፊያዋ ወጥቶላታል። ሲባጎውን ፈትታዋለች፣ ድመቷን ቤት አስገብታታለች። «እማማ፣ ውሃ አስቀመጥኩላት፣ ግን አልጠጣች አለችኝ» አለች።

«በምን አስቀመጥሽላት?»

«በጣሳ።»

ተነሳሁና ጓዳ ገባሁ። ያ ገበቴ ዛሬም አለ፤ ጠርዙ ተበልቷል እንጂ ውሃ ይይዛል። አጥቤ ሰጠኋት።

«ውሰጂ» አልኳት። «አስቀምጪና ወደ ኋላ በይ። ወደ ኋላ ማለት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ሹምባሽ ዘነበ እንኳ ወደ ኋላ ብሎ ያውቃል።»